ቤታቸው የት እንደሆነ ሳያውቁ ቤታቸው የሚገቡት አዛውንት፦ የስውር ትውስታ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ የተመረጠበት ምክንያት

አንድ ሰው ትናንት ማታ ምን እንደበላ ወይም ባለፈው ሳምንት ማን እንደጎበኘው ሲጠየቅ ወደ ኋላ አስቦ የሚመልሰው ነገር በተለምዶ ትውስታ ይባላል። ከዚህ ሌላ ባለቤቱ መኖሩን እንኳ ሳያውቀው ሥራውን የሚሠራ ትውስታ አለ፤ የሚታወቀውም በሚነገር ነገር ሳይሆን በሚደረግ ነገር ነው። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያውን ግልጽ ትውስታ፣ ሁለተኛውን ስውር ትውስታ እላቸዋለሁ። በጤነኛ ሰው ሁለቱ አብረው ስለሚሠሩ የአንዱን ድርሻ ከሌላው ለይቶ ማየት ያስቸግራል። እንጀራ የምትጋግር ሴት ሊጡን ከምጣዱ ዳር ጀምራ ስታዞር እጇ የሚያውቀውን ያህል አፏ ሊያስረዳ አይችልም፤ ቢሆንም ሙያውን ከማን እንደተማረችው ስለምታስታውስ እጇ ያለ እሷ ያውቃል ቢባል የሚያምን ጥቂት ነው።

ሁለቱ የሚለያዩ መሆናቸው የታየው ግልጽ ትውስታቸውን በሕመም ባጡ ሰዎች ላይ ነው። ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ክላፓሬድ እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው ጽሑፍ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) አዲስ ነገር ማስታወስ የተሳናትን አንዲት ሕመምተኛ በጣቶቹ መካከል በደበቀው መርፌ እንደወጋት፣ ቆይቶ እጁን ሲዘረጋላት ግን ያደረገውን ሳታስታውስ እጇን እንደሰበሰበች ጽፏል። በ1953 ሃርትፎርድ በምትባለው የአሜሪካ ከተማ ለሚጥል በሽታ የአንጎል ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ወጣትም በመስታወት ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል ዙሪያውን እንዲከተል በተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ሲፈተን በሦስት ቀን ውስጥ እጁ እየተካነ ሄደ፤ እሱ ግን በየቀኑ ሥራውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያየው ያምን ነበር።

እነዚህ ሁለቱ በየመማሪያ መጻሕፍቱ የሚጠቀሱ ጉዳዮች ቢሆኑም መርፌም ሆነ መስታወት የማንም ሰው የዘወትር ኑሮ አይደለም። እዚህ የቀረበው ጉዳይ በቁርስ፣ በእግር ጉዞና በሆስፒታል አልጋ ላይ የታየ በመሆኑ፣ ቤቱ ውስጥ የሚዘነጋ ሰው ለያዘ ቤተሰብ ይበልጥ ቅርብ ነው ብዬ አምናለሁ። ግለሰቡ በጥናቶቹ ውስጥ ኢ. ፒ. በሚሉ ሁለት ፊደላት ይጠራሉ፤ እዚህም ከዚያ ያለፈ ስም አያስፈልግም።

የሰውየው ታሪክ

ኢ. ፒ. በ1922 የተወለዱ፣ በካሊፎርኒያ ያደጉ፣ በላቦራቶሪ ቴክኒሺያንነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ባለትዳር ነበሩ። በ1992፣ በ70 ዓመታቸው፣ ሄርፐስ ሲምፕሌክስ የተባለው ቫይረስ አንጎላቸው ውስጥ ገብቶ አቆሰለው። ይህ ቫይረስ ብዙ ሰው ምች እያለ የሚጠራውን የከንፈር ቁስል የሚያመጣው ሲሆን፣ አልፎ አልፎ ግን ወደ አንጎል ዘልቆ በተለይ በጆሮ በኩል በግራና በቀኝ ጎን ያለውን የአንጎል ክፍል ክፉኛ ይጎዳል። ኢ. ፒ. ከሕመሙ ተርፈው ጉልበታቸውና ንግግራቸው ቢመለስም፣ በኋላ የተነሣው የአንጎል ምስል በግራም በቀኝም ያለው ሂፖካምፐስና በዙሪያው ያሉት ክፍሎች መጥፋታቸውን አሳየ። ሂፖካምፐስ ዛሬ የሆነውን ነገር ነገ ለመናገር በሚያስችል መልክ የሚያስቀምጠው ክፍል ነው። ከአንጎል ሥር ጠልቀው የሚገኙትና በድግግሞሽ ልማድን የሚገነቡት ቤዛል ጋንግሊያ የተባሉት ክፍሎች ግን ከጉዳቱ ተርፈዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በ1993 ባልና ሚስቱ ሳን ዲዬጎ አካባቢ ወደሚገኝ ሌላ ቤት ተዛወሩ። ከጥናቱ አንጻር ይህ ዝውውር ትልቅ ዋጋ አለው፤ ምክንያቱም ኢ. ፒ. ስለ አዲሱ ቤትና ስለ ሰፈሩ የሚያውቁት ማንኛውም ነገር ከሕመሙ በኋላ የተገኘ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ዲዬጎ የትውስታ ተመራማሪው ላሪ ስኳየርና ባልደረቦቻቸው እስከ 2008 ድረስ፣ ኢ. ፒ. እስከሞቱበት ዓመት፣ ቤታቸው እየተመላለሱ አጥንተዋቸዋል።

ችግሩ

ኢ. ፒ. ሲያነጋግሯቸው ሕመምተኛ አይመስሉም ነበር። የአስተሳሰብ ችሎታቸው በእድሜ እኩዮቻቸው ልክ ነበር፣ ጨዋታ ይወዳሉ፣ የተነገራቸውንም ቁጥር ወዲያው ሊደግሙ ይችላሉ። ሐሳባቸው ወደ ሌላ ነገር ከተሳበ ግን ከደቂቃዎች በፊት የተባለው ሁሉ እንዳልነበረ ይሆናል። ጠዋት ተነሥተው ቁርስ በልተው ሬዲዮ ለመስማት ወደ አልጋቸው ይመለሳሉ፤ ጥቂት ቆይተው ገና አሁን የነቁ መስሏቸው እንደገና ቁርስ ይበላሉ፤ አንዳንድ ቀን ሦስተኛም ይደገማል። ለዓመታት ቤታቸው እየመጣች የምትፈትናቸውን ባለሙያ በየጊዜው እንደ አዲስ እንግዳ ይተዋወቋታል።

የቀድሞው ግን አልጠፋም። ካደጉበት ሄይዋርድና ካስትሮ ቫሊ ከሚባለው አካባቢ በወጣትነታቸው ቢወጡም፣ ስኳየርና ተመራማሪው ቴንግ በ1999 ባሳተሙት ጥናት ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ፣ ዋናው መንገድ ቢዘጋ በየት እንደሚዞር፣ የታወቁ ስፍራዎች በየትኛው አቅጣጫ እንደሚገኙ ሲጠየቁ እዚያው አካባቢ አድገው ከወጡ አምስት ጤነኛ እኩዮቻቸው አላነሱም። ስለሚኖሩበት ሰፈር ተመሳሳይ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ግን አንድም መልስ መስጠት አልቻሉም። ከሃምሳ ዓመት በፊት የተረገጠው መንገድ ሁሉ አለ፤ በየቀኑ የሚረገጠው የለም።

ስለዚህ የቤተሰቡ ስጋት ግልጽ ነበር። በራቸውን ከፍተው ቢወጡ ከሦስተኛው ቤት በላይ ሳይርቁ ጠፍተው ይቀራሉ የሚል ነበር።

ቤተሰቡ የወሰደው እርምጃ

ሐኪሞች እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ስለመከሩና እሳቸውም ቤት ውስጥ ብቻ መቀመጥ ስላልወደዱ፣ ባለቤታቸው በየቀኑ ይዘዋቸው በሰፈሩ ዙሪያ መሄድ ጀመሩ። መንገዱ አንድ ነው፤ መነሻውም መመለሻውም አይለዋወጥም። ባለቤታቸው ይህን ያደረጉት የትምህርት ዘዴ አድርገው ሳይሆን ለቁጥጥር እንዲመች ብቻ ነበር፤ ሆኖም ስውር ትውስታን ለመገንባት ከዚህ የተሻለ ሥርዓት ቢፈለግ እንኳ በቀላሉ የሚገኝ አይመስለኝም። የሚደጋገም፣ በየጊዜው በአንድ ዓይነት መልክ የሚቀርብና በመጨረሻው ወደ ቤት መግባት የሚባል ዋጋ ያለው ነበርና።

አንድ ቀን ኢ. ፒ. ብቻቸውን ወጡ። ባለቤታቸው በድንጋጤ ሰፈሩን ቢያስሱም አላገኟቸውም፤ እርዳታ ለመጥራት ወደ ቤት ሲመለሱ ግን ሰውየው ተቀምጠው ቴሌቪዥን እያዩ ነበር። የት እንደነበሩ ሲጠየቁ መውጣታቸውንም አያውቁትም፤ በጠረጴዛው ላይ ያለው የጥድ ፍሬ ግን መውጣታቸውን ይመሰክር ነበር። ከዚያ በኋላ መከልከሉ አልተሳካም፤ ቤተሰቡ ለጊዜው ከኋላ ሆኖ ተከታተላቸው፣ እጃቸው ላይም ማንነታቸውን የሚገልጽ አምባር አደረገላቸው፣ እየቆየም ብቻቸውን እንዲሄዱ ተዋቸው። በቀን ብዙ ጊዜ ወጥተው ይመለሱ ነበር።

አንድ ተመራማሪ አብሯቸው ሲሄድ ቤታቸው የትኛው እንደሆነ ጠይቋቸው አላውቅም ካሉ በኋላ ወደ ራሳቸው ቤት ታጥፈው በሩን ከፍተው ገብተዋል። ስለ ኩሽናቸው አቀማመጥ ሲጠየቁ ማስረዳት ያልቻሉትም ሰው፣ ሲርባቸው ምን እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ ተነሥተው የምግብ መደርደሪያውን ከፍተው የለውዝ ብልቃጥ አወጡ። ሁለቱም ምስክርነቶች በየራሳቸው እውነት ናቸው፤ አላውቅም ያለው ግልጽ ትውስታ ነው፣ በሩን የከፈተው ሌላው ነው።

ተመራማሪዎቹ የፈተኑት

የቤት ውስጥ ምልከታ ብቻውን ብዙ ጥርጣሬ ይተዋል። ምናልባት የሆነ ዛፍ ወይም የሆነ አጥር ለጊዜው እያስታወሳቸው ቢሆንስ? ምናልባትም ትንሽ ግልጽ ትውስታ ተርፎላቸው ቢሆንስ? ይህን ለመለየት የተደረጉት ፈተናዎች ሦስት ዓይነት ነበሩ፤ በሁለቱ ላይ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው አጭር ነው። ቃላት ከታዩ በኋላ እነዚያው ቃላት ካልታዩት ጋር ተቀላቅለው በጣም ለአጭር ጊዜ ብልጭ ሲደረጉ፣ ሰው ቀደም ሲል ያየውን ቃል በቀላሉ ያነብበዋል። በዚህ ኢ. ፒ. እንደ ጤነኛ ሰው ነበሩ። የትኛውን ቃል አይተውት እንደነበር ሲጠየቁ ግን መልሳቸው ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም ነበር። ዓይናቸው ያየውን አውቋል፤ ራሳቸው ግን ማየታቸውን አያውቁም።

ሁለተኛው በ2005 የታተመው ነው። ስምንት ጥንድ ዕቃዎች ተዘጋጁ፤ በእያንዳንዱ ጥንድ ውስጥ አንደኛው ሁልጊዜ ትክክለኛው ነው፣ ከሥሩም ትክክል መሆኑ ተጽፎበታል። አንድ ጥንድ በቀረበ ቁጥር አንዱን ማንሳት ብቻ ነው የሚጠበቀው፤ በአንድ ቀጠሮ 40 ምርጫ፣ በሳምንት ሁለት ቀጠሮ። ጤነኛ ሰው ይህን በጥቂት ቀጠሮ ይጨርሰዋል፤ ጥንዶቹን በቃሉ ይይዛቸዋልና። ኢ. ፒ. 36 ቀጠሮ፣ ማለትም 18 ሳምንት ፈጀባቸው። በየቀጠሮው መጀመሪያ ምን ሊያደርጉ እንደተቀመጡ አያውቁም፣ ዕቃዎቹንም አይተዋቸው እንደማያውቁ ይናገራሉ፤ ይሁንና ትክክለኛው ምርጫ ከሳምንት ወደ ሳምንት እየበዛ ሄዶ በመጨረሻ የሚስቱት ጥቂት ብቻ ሆነ። እንዴት እንዳወቁ ሲጠየቁ ያኛው እንዲሁ ትክክል እንደሚመስላቸው፣ በሆነ መንገድ ጭንቅላታቸው ውስጥ እንዳለና እጃቸው ወደዚያ እንደሚሄድ ተናግረዋል። ስለ ስውር ትውስታ ከተነገረው ሁሉ ይህ የሕመምተኛው ራሱ ምስክርነት ይበልጥ ትክክለኛ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከዚያ ፈተናው በትንሹ ተለወጠ። 16ቱም ዕቃዎች በአንድነት ተዘርግተው ትክክለኞቹን ከሌሎቹ ለይተው ወደ አንድ ወገን እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ጤነኞቹ አልተቸገሩም። ኢ. ፒ. ግን እንደማያውቅ ሰው ሆኑ፤ ያ የ18 ሳምንት ልምምድ ጭራሽ ያልነበረ መሰለ። ወዲያው ወደ ቀድሞው አቀራረብ፣ ጥንድ በጥንድ፣ ሲመለስላቸው እጃቸው እንደገና አልሳተም። ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር፤ ያለው ግን በተገነባበት መልክ ብቻ ነው፣ ከሌላ አቅጣጫ የሚደረስበት መንገድ የለውም።

ያልሠራው

ይኸው ግትርነት በሦስተኛው ፈተና የባሰ ታይቷል። በ2002 በታተመው ጥናት ባለ ሦስት ቃል ዓረፍተ ነገሮችን፣ 48 ያህል፣ ለ12 ሳምንት በ24 ቀጠሮ እንዲማሩ ተደርጎ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ሲሰጧቸው ሦስተኛውን እንዲሞሉ ሲጠየቁ፣ ከምንም ተነሥተው በመጨረሻው ላይ የደረሱት ከአምስት አንድ ከማይሞላ መልስ ላይ ነው። ያንንም ትንሽ ያገኙት ሁለቱ ቃላት እንደተማሯቸው ሲቀርቡላቸው ብቻ ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ ትርጉሙ በሚመሳሰል ሌላ ቃል ሲተካ መልሱ ጠፋ። ዕቃ ማንሳትን ያስተማረው ስውር ትውስታ ለንግግር ዕውቀት ደካማ አስተማሪ መሆኑን ይህ ያሳያል። ቤተሰብ የዘነጋ ሰውን የሐኪሙን ስም ወይም ቀኑን በመደጋገም ለማስተማር የሚያደርገው ጥረት ለምን ፍሬ እንደሚያጣም ምክንያቱ በከፊል ይኸው ነው።

በሰፈሩ ውስጥም ግትርነቱ አደጋ ነበረው። መንገዱ ለጥገና ሲቆፈር ወይም ነፋስ ቅርንጫፍ ጥሎ የእግረኛውን መንገድ ሲዘጋው ኢ. ፒ. ከቤታቸው ምንም ያህል ቢቀርቡ ይጠፋባቸው ነበር፤ ሰው እጃቸውን ይዞ ካልመለሳቸው አይመለሱም። እንደ ልጅነታቸው ሰፈር ከመንገድ ወደ መንገድ መዞር የሚያስችል ካርታ በአእምሯቸው አልነበረም። የቁርሱም ነገር እንዲሁ ነው፤ ልማድ ማድረግን እንጂ መደረጉን አይመዘግብም፤ ስለዚህ ማቆሚያው ከውጭ፣ ከቤተሰቡ፣ መምጣት ነበረበት።

በሆስፒታል የተገኘው መፍትሔ

ከዓመታት በኋላ ኢ. ፒ. በልብ ሕመም ሆስፒታል ገቡ። ደረታቸው ላይ የተለጠፉትን የልብ መከታተያ ገመዶች በእንቅልፋቸው ሲገላበጡ እየነቀሉ ማንቂያው በተደጋጋሚ ይጮህ ነበር፤ አትንኩ ብሎ መንገርም ጽሑፍ መስቀልም አልረዳም። ሁለቱም በግልጽ ትውስታ ላይ የተመሠረቱ ናቸውና እንዲረዱም አይጠበቅም ነበር። ልጃቸው ሌላ መንገድ ጠቆመች፦ ነርሶቹ በገቡ ቁጥር፣ ገመዶቹን ባልነኩባቸው ጊዜያት ሁሉ፣ እንዴት ጎበዝ ሕመምተኛ እንደሆኑ እየደጋገሙ እንዲያመሰግኗቸው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ገመዶቹን መንካት ተዉ። ማን እንዳመሰገናቸውም ለምን እንደተመሰገኑም አያስታውሱም፤ ጸጥ ብሎ መተኛት ከደስታ ጋር መያያዙ ግን ተቀምጧል።

ይህ ክስተት በላቦራቶሪ የተለካ አይደለም፤ የሕመሙ መሻልም ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ከዕቃዎቹ ፈተና ጋር ሲነጻጸር ግን አካሄዱ አንድ ነው፦ አንድ ዓይነት ሁኔታ፣ አንድ ዓይነት ድርጊት፣ ወዲያው የሚከተል ዋጋ።

ወደ ሌሎች ቤቶች የሚተላለፈው

በመጀመሪያ የሚተላለፈው የጥያቄ ጉዳይ ነው። በእኛ ቤቶች የዘነጋ አዛውንት ሲኖር ጠያቂ በመጣ ቁጥር «አባባ፣ እኔ ማን ነኝ? ይህ ማን ነው?» ብሎ መፈተን የተለመደ የፍቅር መግለጫ ነው። ጥያቄው ግን የሚደርሰው ወደ ተጎዳው ክፍል ነው፤ ሰውየውን ያሳፍራል እንጂ ምንም አይገነባም። ስምን ቀድሞ መናገር፣ «አባባ፣ እኔ የእገሌ ልጅ ነኝ፣ ልጠይቅዎት መጣሁ» ማለት፣ ከሁሉም ይልቅ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት አኳኋን መቅረብ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚያያዘው የስሕተት ጉዳይ ነው። አላን ባድሊና ባርባራ ዊልሰን በ1994 እንዳሳዩት ግልጽ ትውስታቸው የተጎዳባቸው ሰዎች እንዲገምቱ ተደርገው ሲታረሙ ከሚማሩት ይልቅ ከመጀመሪያው እንዳይሳሳቱ ተደርገው ሲመሩ በተሻለ ይማራሉ። ጤነኛ ሰው ስሕተቱን ስለሚያስታውስ አይደግመውም፤ ስውር ትውስታ ግን ትክክሉንና ስሕተቱን ሳይለይ የተደረገውን ሁሉ ያጠናክራል። ስለዚህ ወደ መታጠቢያ ቤት የሚወስደውን በር ለማስተማር «የትኛው ይመስልዎታል?» ከማለት ይልቅ እጅ ይዞ በትክክለኛው በር ደጋግሞ መውሰድ ይገባል። የሰለጠነ አስታማሚም ይህን ብዙ ጊዜ ሲዘነጋው ይታያል።

ሦስተኛው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ለአገራችን ሰው በተለይ የሚመለከተው ይህ ይመስለኛል። ከገጠር ቤታቸው አዲስ አበባ ወደሚኖር ልጃቸው፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተንና ሮም ወደሚኖሩ ልጆቻቸው የሚወሰዱ እናቶችና አባቶች ጥቂት አይደሉም። በቀድሞ ቤታቸው ብዙም ችግር ያልታየባቸው ሰዎች አዲሱ ቦታ እንደደረሱ መርሳታቸው ድንገት የባሰ ሲመስል፣ ሕመሙ በአንድ ሳምንት ጨምሮ ላይሆን ይችላል፤ የውኃ ጣሳው፣ የማጀቱ በርና የደጁ መንገድ በየቦታቸው ሆነው ይሸከሙት የነበረው ስውር ትውስታ ከቤቱ ጋር ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ዝውውሩ የማይቀር ከሆነ የራሳቸውን አልጋና ሣጥን ይዞ መሄድ፣ ዕቃን ከቦታው አለማንቀሳቀስ፣ የቀኑን ሥርዓት አለመቀያየር፣ ከሰውየው ጋርም ለብዙ ሳምንታት በአንድ መንገድ መመላለስ ያስፈልጋል። ኢ. ፒ. ስምንት ጥንድ ዕቃ ለመልመድ 18 ሳምንት እንደፈጀባቸው ማስታወስ ለትዕግሥት ይረዳል።

በመጨረሻ የጉዳዩ ወሰን መታወቅ አለበት። የኢ. ፒ. ጉዳት በአንድ ጊዜ ደርሶ ባለበት የቆመ ነበር፤ የአልዛይመር በሽታ ግን ምንም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከሂፖካምፐስ አካባቢ ቢጀምርም እየሰፋ ይሄዳል፤ በመጀመሪያው ደረጃ የረዳ ዘዴ በኋላ ላይረዳ ይችላል። የፓርኪንሰን ሕመምተኞች ደግሞ ተቃራኒ ናቸው። በ1996 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው፣ ልማድን የሚገነባው ክፍል የተጎዳባቸው እነዚህ ሰዎች በፈተናው ወቅት የሆነውን ማስታወስ ሲችሉ፣ ትውስታቸውን ያጡት ሰዎች ቀስ በቀስ የተማሩትን፣ ካርዶችን እያዩ የአየር ሁኔታን የመገመት ልምምድ ግን መማር አቅቷቸዋል። ለእነሱ በጽሑፍ ማስታወሻና በቃል ማስረዳት ተገቢ መንገድ ነው፤ ለኢ. ፒ. ያልሠራው ማለት ነው። ስለዚህ የትኛው ሰው በየትኛው ትውስታ ላይ እንደሚቆም ሐኪም ሳያይ፣ ከላይ ያለውን እንዳለ ገልብጦ መጠቀም አይገባም።